የአንድ ዓመቱ ሶቶ

በዲሴምበር 2024 አንድ ቅዳሜ፣ እዚህ ቦስተን አጠገብ ካምብሪጅ ክርስትና ተጠርቼ ነበር። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ ማዕዱ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት ነው። ከበላንና ከተመረቀ በኋላ ቡናው እስኪደርስ ሳሎኑ ጥግ ተሰበሰብን። ከመካከላችን አንዱ የሕፃኑ አባት ዘመድ ነው፤ ታክሲ የሚነዳ የኒው ዮርክ ብሮንክስ ነዋሪ፣ የሚደግፈው የቤዝቦል ክለብ የያንኪስ ስታዲየም ከቤቱ በእግር የሚደረስ። እኔ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የባላንጣቸው የቦስተኑ ክለብ፣ የሬድ ሶክስ ሰው ነኝ። ሁለታችንን አንድ ሶፋ ላይ ያስቀመጠን ሰው ይህን አያውቅም መሰለኝ።

ነገሩን የጫርኩት እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት ኮከቡ መቺ ሁዋን ሶቶ ያንኪስን ትቶ ለሌላው የኒው ዮርክ ክለብ ለሜትስ ፈርሟል፤ 15 ዓመት፣ 765 ሚሊዮን ዶላር። በቤዝቦል ከዚያ የሚበልጥ ውል ታይቶ አያውቅም።

«አይዞህ» አልኩት። «አምስት ሰው ሰጥታችሁ ለአንድ ዓመት ተከራያችሁት። ዋንጫውም ሳይገኝ ሰውየው ድልድዩን ተሻግሮ የሜትስ ሰፈር ኩዊንስ ገባ።»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም። «ዛሬም መልሰህ ብታመጣልኝ ያንኑ አደርጋለሁ» አለኝ።

አጠገባችን የተቀመጠው የአርሴናል ደጋፊ ግራ ገባው። «ስንት ከፍለውበት ነበር?» አለ። ለሳንዲዬጎ የተከፈለ የዝውውር ገንዘብ እንደሌለ ስንነግረው ጭራሽ ተደናገረ። እንደ እግር ኳሱ አይደለም አልነው። እዚህ ክለቦች ተጫዋች በተጫዋች ይለዋወጣሉ፤ ትሬድ የሚሉት ይህን ነው። አንድ ተጫዋች በትልቁ ሊግ ስድስት ዓመት አገልግሎት እስኪሞላው የክለቡ ነው፣ ክለቡ ወደፈለገው ይልከዋል። ስድስቱ ሲሞላ፣ ረጅም ውል ከሌለበት፣ ነጻ ይወጣል። ሶቶ በዲሴምበር 2023 ከሳንዲዬጎ ፓድሬስ ወደ ያንኪስ ሲመጣ ነጻ ለመውጣት የቀረው አንድ የጨዋታ ዘመን ብቻ ነበር። ለእሱና አብሮት ለመጣው ለትሬንት ግሪሻም ያንኪስ አራት ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) እና አንድ ካቸር (ኳስ ቀላቢ) ሰጡ፤ ማይክል ኪንግን፣ ድሩ ቶርፕን፣ ጆኒ ብሪቶን፣ ራንዲ ቫስኬዝንና ካይል ሂጋሺዮካን።

«እኛ ዘንድ እኮ ውሉ አንድ ዓመት የቀረው ሰው በርካሽ ነው የሚሸጠው» አለ የአርሴናሉ። «አለበለዚያ በነጻ ይሄድባቸዋላ!»

ይቺን ይዤ ገባሁ። ኪንግ በሳንዲዬጎ 13 ጨዋታ አሸነፈ፣ 201 መቺ በስትራይክ፣ ኳሷን ሳያስመታ፣ አወጣ፤ በአንድ ሙሉ ጨዋታ በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ፣ ኢአርኤ የሚሉት፣ 2.95 ነበር። ቶርፕን ደግሞ ፓድሬስ ገና ሳያሰልፉት በማርች ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ሰጥተው ዲላን ሲስን አመጡበት። ሲስ ጁላይ 25 ቀን ዋሽንግተን ላይ ዘጠኝ ኢኒንግ (ዙር) ሙሉ አንድ ሂት፣ ማለትም መቺውን ቤዝ የሚያስይዝ ምት፣ ሳያስመታ ወጣ። «ስለዚህ» አልኩ፣ «ሁለት ዋና ዋና ፒቸሮች ከእናንተ ጓዳ ወጥተው ሳንዲዬጎ ገቡ። የእናንተው እንግዳ ግን ዓመቱን ቆጥሮ ወጣ።»

ከወጣቶቹ አንዱ፣ እዚሁ የተወለደው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ስልኩን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። የሬድ ሶክስ ደጋፊ ነው፤ ከእኔ ወገን ይቆማል ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣ የሰጡትን ብቻ ነው የቆጠርከው» አለ። «ያንኪስ በ2023 82 አሸንፈው 80 ተሸንፈው ፕሌይኦፍ፣ ዋንጫው የሚለይበት ዙር፣ ሳይገቡ ነው የቀሩት። ሶቶ በመጣበት ዓመት 94 አሸነፉ፣ ከ2009 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋንጫው ፍጻሜ፣ ለዎርልድ ሲሪስ ደረሱ። ሰውየው 41 ሆምራን (ከአጥር በላይ የሚያልፍ ምት) መታ፣ 129 ጊዜ በዎክ፣ ፒቸሩ ኳስ ስላበላሸ በነጻ፣ ቤዝ ያዘ፣ 128 ጊዜ ነጥብ አገባ። አሮን ጀጅ 58 ሆምራን የመታው ከፊቱ ቤዝ ላይ ሁልጊዜ ሰው ቆሞ ስለሚጠብቀው ጭምር ነው።»

የብሮንክሱ ሰው ቁጥር አላስፈለገውም። ወደ ዎርልድ ሲሪስ ያለፉበትን የክሊቭላንድ ጨዋታ ነው ያነሳው። ኦክቶበር 19፣ አምስተኛው ጨዋታ፣ ነጥቡ ሁለት ለሁለት፣ አሥረኛው ኢኒንግ፣ ሁለት አውት (ሁለት መቺ ወጥቶ ሦስተኛው ሲወጣ ተራው ያልቃል)፣ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ። «እኔ ታክሲዬን ጥግ አቁሜ በሬዲዮ ነው የምሰማው» አለ። «ሶቶ የሚመጣለትን ኳስ ሁሉ ከመስመር ውጭ እየመታ፣ ፋውል እያደረገ ያበላሻል። የማይፈልገውን እየጣለ የሚፈልገውን ይጠብቃል። ሰባተኛዋ መጣች፣ መታት። ከመኪናው ወርጄ መንገድ ላይ ጮህኩ። አንድ የማላውቀው ሰው ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ።» ይህን ሲናገር እጁ ቡና ስኒው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ያቺን ሌሊት በስንት ትገዛለህ? ኪንግን ብትመልስልኝ ያቺን ሌሊት አልሰጥህም።»

እኔ ግን አልተውኩትም። ኦክቶበር 30ን አነሳሁበት። ያንኪስ በዎርልድ ሲሪሱ በገዛ ሜዳቸው የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስ አምስት ለዜሮ እየመሩ አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ሁሉም ነገር የተበታተነበትን። ጀጅ እጁ ውስጥ የገባች ኳስ ጣለ፣ ቮልፒ አሳስቶ ወረወረ፣ ፒቸሩ ጌሪት ኮል አንደኛ ቤዝን ሊሸፍን ሳይሮጥ ቆሞ ቀረ። አምስት እኩል ሆኑ፣ በመጨረሻም ሰባት ለስድስት ተሸነፉ። ሰውየው ዝም አለ። ያን ጊዜ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ቡናውን የምታቀርበው የሕፃኑ አክስት ስኒውን እያቀበለችኝ ነበር። የሬድ ሶክስ ሜዳ ፌንዌይ አካባቢ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ነርስ ናት፤ ጨዋታ ባለበት ምሽት ወደ ሥራ የምትሄደው በደጋፊው መሃል እየተጋፋች ነው። ከእኛ ሁሉ የበለጠ እንደምታውቅ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

«ኮል ሳይሸፍን የቀረባትን ኳስ የመታው ማነው?» አለችኝ።

«ሙኪ ቤትስ።»

«ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ የማሸነፊያዋን ነጥብ ያስገባውስ?»

«ቤትስ።»

«መጨረሻ ላይ በስትራይክ የወጣውስ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። አሌክስ ቨርዱጎ ነው። ተማሪው ሳቀ፤ የአርሴናሉ ሰው «ምንድነው?» እያለ ይጠይቃል።

እሷው ነገረችው። ቤትስ የእኛ ነበር፤ በክለባችን ያደገ፣ በ2018 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለ፣ በዚያው ዓመት ዋንጫ ያነሳ። በፌብሩዋሪ 2020 ነጻ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ልክ እንደ ሶቶ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ክለባችን «መሄዱ ካልቀረ» ብሎ ከዴቪድ ፕራይስ ጋር ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ አስረከበው። በምትኩ የመጡት ቨርዱጎ፣ ጂተር ዳውንስና ኮነር ዎንግ ናቸው። ይሄዳል የተባለው ቤትስ ጁላይ ላይ ከዶጀርስ ጋር 12 ዓመት በ365 ሚሊዮን ፈረመ፣ በዚያው ዓመት ዋንጫ አነሳ፣ በ2024ም ደገመ። ቨርዱጎንስ ምን አደረግነው? ዲሴምበር 5 ቀን 2023፣ የሶቶ ትሬድ ከመጠናቀቁ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ለያንኪስ ሰጠነው። ለሦስት ፒቸር።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለችና ጀበናዋን ይዛ ተመለሰች።

የብሮንክሱ ሰው ነፍስ ዘራ። «ገንዘቡንም አላባከንን። ሶቶ በሄደ በሁለተኛው ቀን ማክስ ፍሪድን በ218 ሚሊዮን አመጣን። እናንተስ? ረቡዕ ዕለት አራት ልጅ ሰጥታችሁ ክሮሼን አልወሰዳችሁም? ሁለት ዓመት ሲከራዩ ብልህነት፣ አንድ ዓመት ሲከራዩ ሞኝነት የሆነው በየትኛው ሂሳብ ነው?» እውነቱን ነው፤ በዚያው ሳምንት ክለባችን ካይል ቲልን፣ ብሬደን መንትጎመሪን፣ ቼዝ ሜድሮትንና ዊከልማን ጎንዛሌዝን ለዋይት ሶክስ ሰጥቶ ጋሬት ክሮሼን አምጥቷል። ሁለት ከአንድ ይበልጣል አልኩት። ሌላ መልስ አልነበረኝም።

እስካሁን ዝም ብለው የሚሰሙ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። በሱዳን በኩል ከመጡት ከቀደሙት ስደተኞች ናቸው፤ ዘመናቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው እንግሊዝኛውንም ቤዝቦሉንም ከመኪና ሬዲዮ ነው የተማሩት። በ1986 ሬድ ሶክስ በዚሁ በሜትስ እጅ ዋንጫውን ሲያጡ፣ ኳሷ በተጫዋቻቸው በቢል በክነር እግር መሃል ስታልፍ፣ ሎጋን ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ሆነው ሰምተዋል። «ከፊቴም ከኋላዬም የነበሩት ሹፌሮች እኩል ነው መሪያቸውን የመቱት» ይላሉ። ዝነኛውን ቤብ ሩትን በ1919 መጨረሻ ለያንኪስ በገንዘብ የሸጠው ይኸው ክለብ እንደሆነና ከ1918 በኋላ ሌላ ዋንጫ ለማየት እስከ 2004፣ 86 ዓመት እንደጠበቀ እያንዳንዱን ተሳፋሪ ያስተማሩ ናቸው። ክርክሩን ይፈርዳሉ ብለን ስንጠብቅ እሳቸው የያዙት ሌላ ነገር ነበር።

«ልጁን፣ ሶቶን፣ አትውቀሱት» አሉ። «ዋሽንግተን አሳደገውና 440 ሚሊዮን ሲሰጠው እምቢ ስላለ ለሳንዲዬጎ አስተላለፈው። ሳንዲዬጎ የክለቡ ባለቤት ሞቱበት፣ ወጪ መቀነስ ነበረበት፣ ለኒው ዮርክ አስተላለፈው። አንድም ጊዜ ወዴት ትፈልጋለህ አልተባለም። እነሱ ሲያዘዋውሩት ንግድ ነው፣ እሱ በተራው ሲመርጥ ክህደት ነው? እኛስ ሁላችን የሚሻለንን ፈልገን አይደል አገር ለቀን የመጣነው?»

ማንም አልመለሰም። ከዚያ ሦስተኛው ቡና መጣ፣ ጨዋታው ወደ ቤት ኪራይ ዞረ።

ወደ ቤቴ የሄድኩት ቅዝቃዜው ሳይሰማኝ ነው። ስለ ዋጋው የተናገርኩትን ዛሬም አልመልስም፤ ያንኪስ ብዙ ከፍለዋል፣ ኪንግም በየዓመቱ ይቆጫቸዋል። ግን ትሬዱ ትክክል ነበር። ጀጅ 31 ዓመት ሞልቶት፣ ኮል የዓመቱ ምርጥ ፒቸር በተባለበት ክረምት፣ ፕሌይኦፍ ያልገባ ክለብ በጁ ያለውን ልጅ ሁሉ ለነገ እያለ ቢያቆይ ኖሮ ነበር የምወቅሰው። ለደጋፊያቸው ዘንድሮ እናሸንፋለን አሉ፣ እንዳሉትም እስከ መጨረሻው ሳምንት ደረሱ። እንደ ተፎካካሪ ይህን መጻፍ ያቅለሸልሸኛል፤ ግን እውነት ነው።

የእኔ ንዴት ከሶቶ ጋር እንዳልነበረ ያን ማታ ነው የገባኝ። በዚያው ክረምት እኛ ምን ሠራን? 2023ን በምድባችን መጨረሻ ከጨረስን በኋላ የክለቡ ሊቀመንበር በሙሉ ኃይል እንገባበታለን አሉ። ቨርዱጎን ለባላንጣ ሰጠን። ዲሴምበር 30 ቀን ክሪስ ሴልን ለአትላንታ ሰጥተን ቮን ግሪሰምን ወሰድን፤ ሴል 18 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፎ የብሔራዊ ሊግን የምርጥ ፒቸር ሽልማት፣ ሳይ ያንግን፣ ወሰደ። ትልቁ ግዢያችን ሉካስ ጂዮሊቶ በክርኑ ጉዳት አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ዓመቱ አለቀ። 81 አሸንፈን 81 ተሸነፍን። ከአገሪቱ ሀብታም ክለቦች አንዱ ነን፣ የፌንዌይ ትኬትም ዋጋው ይታወቃል። ያንኪስ አንድን ሰው ለአንድ ዓመት ለማግኘት አምስት ሰው ከፈሉ፣ እኛ ግን በእጃችን የነበረውን ላለመክፈል ስንል ሰጠን።

የቤትስ 50 ቁጥር ማልያዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ለብሼው አላውቅም ነበር። በሜይ 2025 ሜትስ ፌንዌይ ሲመጡ ያንን ለብሼ፣ ትልቁን ሰው ይዤ ልሄድ ያን ማታ ወሰንኩ። ሶቶ ሊመታ ሲወጣም አብሬ ላልጮህበት። ክለቤን ያን ጊዜ የለመንኩት አንድ ነገር ነበር፤ ክሮሼን ሁለቱ ዓመት ሳያልቅ እንዲያስፈርሙት።