ጥለቱ ሸማውን ሲውጠው

አንድ የፊልም ዳይሬክተር «የድሮ እጁ ከዳው» ሲባል የሚከተለው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ አረጀ፣ ሀብታም ሆነ፣ ሥራው ሰለቸው ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ስለ አሜሪካዊው ቲም በርተንም ሲባል የኖረው ይኸው ነው። እኔ ግን አብዛኞቹን ፊልሞቹን በተርታ ደግሜ ካየኋቸው ወዲህ ይህ ማብራሪያ አልዋጥልኝ ብሏል። በርተን መለያዎቹን አንዱንም አላጣማ! ጠመዝማዛው ዛፍ እንዳለ ነው፤ የጥቁርና ነጭ ሸንተረሩም፣ ዐይኑ የጎደጎደው ገርጣ ሰውም፣ የዘወትር አቀናባሪው የዳኒ ኤልፍማን ሙዚቃም በአብዛኞቹ ፊልሞቹ አሉ። እንዲያውም ከበፊቱ በዝተዋል። የሰውየው ስልት የደበዘዘው በመብዛቱ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ነገሩን በሸማ ላስረዳ። ጥለት ጥለት የሚሆነው ነጩ ሸማ ስላለ ነው። ሸማኔው ዳር ላይ ጥቂት ጣት የምትሰፋ ቀለም ሲያሳርፍ ዐይን ሰፊውን ነጭ አቋርጦ እዚያች ጠርዝ ላይ ሄዶ ያርፋል። ገዢ ወደደው ብሎ በየዓመቱ ጥለቱን እያሰፋ ነጩን ቢያጠበው ግን አንድ ቀን እጁ ላይ የሚቀረው ባለቀለም ጨርቅ ብቻ ነው። ጥበቡ አልጠፋም፣ ክሩም ያው ነው፤ ዐይን የሚነሳበት ቦታ ግን የለም።

በርተን ነጩን በደንብ ያውቀው ነበር። «ኤድዋርድ ሲዘርሃንድስ» እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የ32 ዓመት ሰው ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ሽማግሌ የፈጠራ ባለሙያ ሰው ሠራሽ ልጅ ይሠራል፤ እጆቹን ሳይገጥምለት ይሞታል፤ ልጁም በጣቶቹ ፈንታ መቀሶች እንደተሰኩበት ብቻውን ይቀራል። ቤት ለቤት እየዞረች መዋቢያ የምትሸጥ ሴት ታገኘውና ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ሠፈሩ የተቀረጸው ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ታምፓ አጠገብ፣ ሰው በሚኖርባቸው እውነተኛ ቤቶች መካከል ሲሆን ቤቶቹ ለፊልሙ ሲባል በፈዛዛ ሮዝ፣ በቅቤ ቢጫ፣ በውኃ አረንጓዴና በውኃ ሰማያዊ ተቀብተዋል። ሣሩ ተስተካክሎ ታጭዷል። ወንዶቹ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት መኪናቸውን አስነስተው በአንድ ሰልፍ ወደ ሥራ ይወጣሉ። በዚህ ሁሉ ፈዛዛ መካከል አንድ ጥቁር ነገር ብቻ ይቆማል፤ እሱም ልጁ ነው።

ከዚህ ፊልም የበረዶውን ትዕይንት የማያስታውስ ተመልካች ያለ አይመስለኝም። ልጁ ከበረዶ ድንጋይ መልአክ ሲጠርብ ፍርፋሪው ወደ ላይ እየተነሳ መልሶ ይዘንባል፤ ወጣቷ ልጅ ከሥሩ ክንዷን ዘርግታ ፊቷን ወደ ላይ አቅንታ ቀስ እያለች ትዞራለች። የነካውን ሁሉ የሚቆርጥ እጅ ያለው ፍጡር ለሚወዳት ሰው ሊሰጣት የቻለው ብቸኛው የማይቆርጥ ነገር ያ ፍርፋሪ ነው። ደግሞም ብዙ ሳይቆይ ሌላ ሰው ጮሆበት ሲዞር ያንኑ ክንዷን የዘረጋችውን ልጅ እጇ ላይ ይቆርጣታል። ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ከሠፈራችን ቪዲዮ ቤት በተከራየነው፣ ብዙ እጅ ባለፈበት ካሴት ነበር። ቀለሙ ነጥፎ ሮዙ ግራጫ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ልጁ ግን ከሩቅ ይለያል። ከዓመታት በኋላ የጠራውን ቅጂ ሳየው የተጨመረልኝ ነገር እምብዛም ነው።

የዚህ ስልት መነሻ ከተከበረ ትምህርት ቤት ይልቅ አለመመቸት ይመስለኛል። በርተን የተወለደው በካሊፎርኒያዋ በርባንክ፣ ቤቶቿ እርስ በርስ በሚመሳሰሉባት የስቱዲዮዎች ከተማ ነው። ገና ልጅ ሳለ ጣቶቹ ስለት የሆኑ ቀጭን ሰው ይሥል ነበር፤ ኤድዋርድ የተወለደው ከዚያ ሥዕል ነው። በዲዝኒ ስቱዲዮ በሠዓሊነት ተቀጥሮ በ1981 ለወጣው «ዘ ፎክስ ኤንድ ዘ ሃውንድ» የሚያማምሩ ቀበሮዎች እንዲሥል ሲታዘዝ አልሆነለትም፤ የእሱ ቀበሮዎች መኪና የገጫቸው ይመስሉ እንደነበር ራሱ ቀልዶበታል። እዚያው ሆኖ በ1982 «ቪንሰንት» የተባለውን የ6 ደቂቃ ጥቁርና ነጭ ፊልም በአሻንጉሊት ሠራ። አሻንጉሊት በእጅ ትንሽ ይነቀነቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እንደገና ይነቀነቃል፤ ለአንዲት ሰከንድ እስከ 24 ምስል ያስፈልጋል። ውጤቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የሠራው ሰው ጣት ያለፈበት መሆኑ ያስታውቃል፤ ይህ መንቀጥቀጥ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገኝ አንባቢ ይያዝልኝ።

በ1988 «ቢትልጁስ»ን ሲሠራ በጀቱ 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን ለልዩ ልዩ የዐይን ማታለያዎች የተመደበው 1 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በርተንም ማታለያዎቹ በልጅነቱ ያያቸው ርካሽ ፊልሞች ውስጥ እንዳሉት እንዲመስሉ ፈልጎ ነው የሠራቸው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስቀኝ የሙታን መቀበያ ክፍሉ ነው። የሞተ ሰው ተራ ቁጥር ይዞ ወንበር ላይ ይጠብቃል፤ አንዱ በቃጠሎ ከስሏል፣ ሌላዋ ለሁለት ተከፍላለች፣ የአንዱ ጭንቅላት ሎሚ አክሏል፤ የጉዳያቸው ኃላፊ የሆነችው አሮጊት ሲጋራ ስታጨስ ጢሱ በተቆረጠው አንገቷ በኩል ይወጣል። ክፍሉ ግን የማንኛውም መሥሪያ ቤት ክፍል ነው። መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያስፈጸመ ሰው ሁሉ ያንን ወንበር ያውቀዋል። አስፈሪው ነገር የሚያስቀው አሰልቺው ቦታ በትክክል ስለተሠራ ነው፤ ነጩ ሸማ ማለት ይህ ነው።

«ባትማን» በ1989 ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ በርተንን ከማይታዘዙት ተርታ አሰለፈው። እሱም በዚያ ነፃነት በ1994 «ኤድ ዉድ»ን ሠራበት። ፊልሙ ችሎታ የሌለውን፣ ፍቅር ግን ሞልቶ የተረፈውን አንድ የሆሊውድ ዳይሬክተር የሚተርክ ሲሆን በርተን በጥቁርና ነጭ ካልሆነ አልሠራም በማለቱ ኮሎምቢያ ስቱዲዮ ሲተወው ዲዝኒ ተቀበለው። ጠመዝማዛ ዛፍ የለበትም፤ የኤልፍማን ሙዚቃም የለበትም። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ገንዘብ 6 ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም፤ የወጣበት ደግሞ 18 ሚሊዮን ነበር። ሆኖም ማርቲን ላንዳው በዚህ ፊልም የምርጥ ረዳት ተዋናይ ኦስካር ወስዷል፤ እኔም የበርተን ምርጥ ሥራ የቱ ነው ብባል የምጠራው ይህንኑ ነው። ከመለያዎቹ አብዛኞቹ ተነሥተውም የበርተን ፊልም መሆኑ የማያጠራጥር ከሆነ ስልት የምንለው ነገር መለያዎቹ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። ሰዎች ለሚስቁበት ሰው የሚቆም ዐይን ነበረው፤ ሸንተረሩና ዛፉ የዚያ ዐይን ልብስ ነበሩ።

ልብሱ ከባለቤቱ ተለይቶ መሸጥ የጀመረው መቼ እንደሆነ በአንድ ቀን መቁረጥ አይቻልም። በ1993 የወጣው «ዘ ናይትሜር ቢፎር ክሪስማስ» ግን ብዙ ይናገራል። ታሪኩ የበርተን ነው፤ ያዘጋጀው ሄንሪ ሴሊክ ነው። እስከ ዛሬ ግን ብዙ ሰው በርተን የሠራው ይመስለዋል፤ የእሱ ስም ከርዕሱ በላይ ተጽፏልና። ለሴሊክ ያዝንለታል ሰው። ለበርተንም ማዘን ያስፈልግ ነበር እላለሁ፤ እሱ ሳይኖርበትም የሚሠራ የበርተን ፊልም መኖሩ የታወቀው ያኔ ነውና። ከዚያ በኋላ አጽም የሆነው የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ቦርሳና ካልሲ ላይ ታተመ። በኅዳር 2009 ደግሞ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የበርተንን ሥዕሎችና አሻንጉሊቶች ለእይታ አቀረበ፤ እስከ ሚያዝያ 2010 ድረስ ከ800 ሺህ በላይ ሰው አየው። ያልተፈለጉ ቀበሮዎች ሠዓሊ የነበረው ሰው በሕይወቱ ሳለ ሙዚየም ገባ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለሠሪው ግን አደገኛ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱን የሚያሠራው ሁሉ የሚፈልገውን ነገር አስቀድሞ ያውቀዋል።

በዚያው ወቅት፣ በመጋቢት 2010፣ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ እንግዳ ዓለም ስለገባች ልጅ የሚተርከው «አሊስ ኢን ወንደርላንድ» ወጣ። የበርተንን መለያዎች በአንድ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ይህን ይይ፤ አንድም አልቀረም። አብዛኛው ክፍል የተቀረጸው በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ሲሆን ዛፉም ሰማዩም ቤተ መንግሥቱም በኋላ በኮምፒውተር ገብቷል። በርተን ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ማየቱ ስላስቸገረው ለመነጽሩ ፈዛዛ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መስታወት አስገጥሞ ነበር። ይህን ዝርዝር ከቀልድ በላይ አየዋለሁ፤ ታምፓ አጠገብ የእውነተኛ ቤቶችን ግድግዳ ያስቀባ ሰው አሁን የሚሠራበትን ቦታ ላለማየት መነጽር ያስፈልገዋል። የቀይዋ ንግሥት ጭንቅላት በኮምፒውተር ገዝፏል፤ ባርኔጣ ሠሪው የብርቱካን ፀጉርና የተቀባ ፊት ይዞ መጥቷል። ኤድዋርድ ሆኖ ፊቱን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ ያስለቀሰን ያው ጆኒ ዴፕ ነው፤ እዚህ ግን በሚጮህ ዓለም ውስጥ እሱም መጮህ ግድ ሆኖበታል። አሊስ ወደ ጉድጓዱ ከመውደቋ በፊት ያለችበት የአትክልት ቦታ ግብዣ እንኳ አስቀድሞ የተጋነኑ ሰዎች የሞሉበት ነው። ታዲያ ከምን ወደ ምን ነው የወደቀችው?

ፊልሙ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ በትዕይንት ቅንብርና በአልባሳት ሁለት ኦስካር ወሰደ። ስለዚህ «ተመልካች ፈርዷል፣ አንተ ማን ነህ?» የሚለኝ ቢኖር መልስ አጣለሁ ማለት አይደለም። ተመልካቹ የከፈለው ቃል ለተገባለት ነገር ነው፣ ያንንም አግኝቷል። ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በስቱዲዮ ላይ መጣል ለእኔ አይመቸኝም፤ በርተን ከመጀመሪያው ጀምሮ የስቱዲዮ ልጅ ነው፤ ምርጦቹን የሠራውም በእነሱ ገንዘብ ነው። ልዩነቱ ያኔ ስቱዲዮዎቹ ምን እንደሚያመጣ አያውቁም ነበር። በ1992 «ባትማን ሪተርንስ»ን አምጥቶላቸው ወላጆች ለልጅ በዛ ብለው ሲያማርሩ ቀጣዩን ለሌላ ሰው ሰጡት። እንደዚያ የሚያስደነግጣቸውን ሰው ኋላ ላይ የጠሩት እንዳያስደነግጣቸው ነው።

ይህን ለመለካት ከ«ፍራንከንዊኒ» የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም፤ ሁለት ጊዜ ተሠርቷልና። በ1984 የግማሽ ሰዓት ፊልም ሆኖ ሲሠራ አንድ ልጅ መኪና የገጨበትን ውሻ በኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ ጎረቤት ይፈራል፣ ይቆጣል፤ በቃ። ዲዝኒ ለልጆች አይሆንም ብሎ አስቀመጠው፤ በርተንም ከድርጅቱ ወጣ። በ2012 ያው ዲዝኒ ረጅም የአሻንጉሊት ፊልም አድርጎ አሠራው። ሁለተኛው ክፉ ፊልም አይደለም፤ በእጅ የተሠራ ነው፤ ልጁ ከውሻው ጋር ያለበት ቦታ ሁሉ ልብ ይነካል። ነገር ግን አንድ ውሻ ስለማይበቃ የክፍል ጓደኞቹም የየራሳቸውን እንስሳ ያስነሣሉ፣ ኤሊው ግዙፍ አውሬ ይሆናል፣ ከተማው ይታመሳል። ሞተው የሚነሡት ሲበዙ የመጀመሪያው መነሣት ተአምርነቱ ይቀንሳል።

በርተን ራሱ ይህን ያላየ ሰው አይደለም። በ2019 «ዳምቦ»ን ለዲዝኒ ከሠራ በኋላ፣ ያ በሰርከስ ውስጥ የተያዘው በራሪ ዝሆን እሱ ራሱ እንደነበረና ከዚያ ግዙፍ ሰርከስ ማምለጥ እንዳለበት እንደተረዳ በ2022 በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ተናግሯል። በዚያው ዓመት የወጣው «ዌንስዴይ» የተሰኘው የኔትፍሊክስ ተከታታይ ድራማ በመጀመሪያው ምዕራፉ የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች የእሱ ናቸው፤ የቀሩት አራቱ የሌሎች። መጋጠሚያው ጎልቶ አለመታየቱ ስለ ሌሎቹ ችሎታ ይመሰክራል፤ ስለ ስልቱ የሚመሰክረውን ከላይ ብዬዋለሁ።

በ2024 «ቢትልጁስ ቢትልጁስ» ሲመጣ ብዙ አልጠበቅሁም ነበር። ፊልሙ የተጨናነቀ ነው፤ ሞኒካ ቤሉቺ የተቆራረጠ ገላዋን በስቴፕለር እየሰፋች የምትነሣበት ግሩም ትዕይንት አለ፣ ከዚያ በኋላ ግን ታሪኩ ሴትዮዋን የሚያደርጋት ነገር አጥቶ ያንከራትታታል። ጥለት ላይ ጥለት ነው። መሐል ላይ ግን የአያትየው አሟሟት የሚተረክበት አጭር ክፍል አለ፤ አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ይወድቃል፣ ሰውየው ይተርፋል፣ ሻርክ ይመጣል። ይህ ሁሉ የተሠራው በአሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊቱ ውኃው ላይ እጁን ሲያነሣ እንቅስቃሴው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ቦታ ላይ ወደ ኋላ መልሼ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ከጎኔ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሜ ፊልሙ የተበላሸ መስሎት ነበር።