ኢታኖልና ቤንዚን በአንድ ሰልባትዮ፦ ሳይለኩ ማስተካከል ይቅር

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው፣ ዛሬ በደብረ ብርሃን ጎዳናዎች የምናያቸው ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግሉን መኪኖች ናቸው። ቤንዚን ሲወደድና የማደያው ሰልፍ ሲረዝም ባለቤቶቻቸው ሌላ መላ መፈለጋቸው አይቀርም። ከሚነሡት ሐሳቦች አንዱ መኪናውን ኢታኖል በብዛት በተቀላቀለበት ነዳጅም ሆነ በተራው ቤንዚን እንዲሠራ አድርጎ ማስተካከል ነው። ለዚህ የሚሆኑ ትናንሽ ዕቃዎች በኢንተርኔት ይተዋወቃሉ፤ የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ነክተን እንጨርሰዋለን የሚሉ ወጣት ባለሙያዎችም አሉ። ሐሳቡን አልቃወምም። ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚገኝ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን ቤንዚን በከፊል እንዲተካ ከልባቸው ከሚፈልጉት አንዱ ነኝ። የምቃወመው አሠራሩን ነው። በሰልባትዮው (በነዳጅ ማጠራቀሚያው) ውስጥ ስንት በመቶ ኢታኖል እንዳለ በማይለካ መኪና ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ግምት ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ የሠራ ግምት ደግሞ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ሞተር ሊያበላሽ ይችላል።

ኢታኖል ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል በ5 በመቶ መጠን ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ ለአዲስ አበባ ገበያ መቅረብ ጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ፤ የመተሐራ ፋብሪካም ኢታኖል ወደ ማምረቱ ገባ። ከዚያ በኋላ አቅርቦቱ ሲቆራረጥ ኖሯል። በእነዚያ ዓመታት ብዙው ሾፌር ልዩነቱን ሳያውቀው ነድቷል፤ ምክንያቱም ኢንጀክተር (በኮምፒውተር እየታዘዘ ነዳጅ የሚረጭ ዕቃ) ያለው መኪና 10 በመቶ ኢታኖልን ያለ ምንም ማስተካከያ ይችለዋል። ጥያቄው የሚነሣው መጠኑ ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ነው። በማደያዎቻችን ኢ85 የሚባለው፣ እስከ 85 በመቶ ኢታኖል የሚይዘው ነዳጅ ስለማይሸጥ፣ ዛሬ ከፍ ያለ ቅይጥ የሚፈልግ ሰው ኢታኖሉን ለብቻው ገዝቶ በራሱ እጅ ከመቀላቀል ሌላ ምርጫ የለውም። በእጅ የተቀላቀለ ነዳጅ መጠኑ ዛሬና ነገ አንድ እንደማይሆን ማንም ይገባዋል።

መጠኑ ይህን ያህል የሚያሳስበው ኢታኖልና ቤንዚን የሚፈልጉት አየር እኩል ስላልሆነ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ኢታኖል ግን በውስጡ ኦክሲጂን ስላለው 9 ኪሎ ይበቃዋል። ሞተሩ የሚስበው አየር ሳይለወጥ በነዳጁ ውስጥ ያለው ኢታኖል ከጨመረ፣ ኢንጀክተሮቹ የሚረጩት ነዳጅ የግድ መብዛት አለበት፤ ለኢ85 ጭማሪው ከ30 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። ጭማሪው ካልተደረገ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ የሚሠራበት ዙር) ይረበሻል፤ በጭነት ላይ ሲሆን ደግሞ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ከመጠን በላይ ይግላሉ። በተቃራኒው፣ ለኢ85 የተስተካከለ መኪና ተራ ቤንዚን ሲሞላለት ነዳጁ ይበዛበታል፤ ካንዴላዎቹ ይጠቁራሉ፣ የሞተር ዘይቱ በቤንዚን ይቀጥናል፣ የእሳቱም ሰዓት (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) ለኢታኖል ተብሎ የቀደመ ከሆነ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማለትም ነዳጁ ያለ አግባብ እየተቀጣጠለ ሞተሩን ይመታዋል።

የፋብሪካው ኮምፒውተር ራሱ ያርመዋል የሚል መልስ ደጋግሜ እሰማለሁ። በከፊል እውነት ነው። ኮምፒውተሩ ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የኦክሲጂን ሴንሰር እያነበበ ነዳጁን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ነገር ግን ይህ እርማት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ አካባቢ ያበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ይበራል። ከዚህ የሚብሰው፣ ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ አብዛኞቹ የቆዩ መኪኖች የሴንሰሩን ንባብ ወደ ጎን ትተው አስቀድሞ በተጻፈላቸው ቁጥር መሥራታቸው ነው። ሞተሩ ነዳጅ እንዳያንስበት በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚከታተለው የለም ማለት ነው።

አንዳንድ ባለሙያዎች ሁለት ፕሮግራም ይጭኑና አንዱን ለቤንዚን፣ ሌላውን ለኢታኖል አድርገው ሾፌሩ በማብሪያ ማጥፊያ እንዲያቀያይር ያደርጋሉ። ይህ የሚሠራው ሰልባትዮው ሁልጊዜ ከአንዱ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ ሌላው የሚሞላ ቢሆን ነበር። 20 ሊትር ኢ85 የቀረው ሰው 20 ሊትር ኢ10 (10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን) ቢጨምርበት 47 በመቶ ተኩል ኢታኖል የያዘ ነዳጅ ያገኛል፤ ለዚህ ከሁለቱ ፕሮግራሞች አንዱም አይሆነውም። ኢ85 ለረጅም ጊዜ በሚሸጥበት በአሜሪካ እንኳ በዚህ ስም የሚቀርበው ነዳጅ እንደ ወቅቱና እንደ አካባቢው ከ51 እስከ 83 በመቶ ኢታኖል ሊይዝ ይችላል። የፓምፑ ስም ብቻውን ለማስተካከያ አይበቃም።

የሚበቃው በነዳጅ መስመሩ ላይ የሚገጠም የኢታኖል ሴንሰር ነው። ነዳጁ በመካከሉ ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ባሕርዩን ይለካል፤ በዚህ ረገድ የቤንዚን ልኬት 2 ገደማ፣ የኢታኖል 25 ገደማ ስለሆነ ሁለቱን ለመለየት አይቸገርም። በብዛት የሚገኘው ዓይነት ንጹሕ ቤንዚን ሲያልፍበት 50 ኸርዝ፣ ንጹሕ ኢታኖል ሲያልፍበት 150 ኸርዝ የሆነ ምልክት ይልካል። 60 ኸርዝ 10 በመቶ፣ 97 ኸርዝ 47 በመቶ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ቁጥር እያነበበ የሚረጨውን ነዳጅ፣ የእሳቱን ሰዓትና ለማስነሻ የሚሰጠውን ተጨማሪ ነዳጅ በሁለቱ ጫፎች መካከል ራሱ ያሰላል፤ ሾፌሩ የሚነካው ነገር የለም። ሴንሰሩ ርካሽ አይደለም፤ ምልክቱን የሚቀበል ኮምፒውተርም ያስፈልገዋል። ያም ሆኖ ለሞተር እድሳት ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ወጪው የሚያስቆጭ አይመስለኝም።

አሁን ወደ እኛው አገር አቀማመጥ ልምጣ፤ ከውጭ የሚመጣው ምክር ሁሉ የሚዘለው ይህን ነውና። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር እዚህ የሚስበው አየር በዚያው መጠን ያንሳል፤ የሚያስፈልገውም ነዳጅ እንዲሁ። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ ተመጥነው የተሠሩት ኢንጀክተሮች እዚህ ትርፍ አቅም አላቸው፤ ኢ85 የሚጠይቀውን የ40 በመቶ ጭማሪ ያለ ችግር ይሸፍኑታል። መካኒኩ ከከተማዋ በጠባሴ በኩል ወጣ ብሎ ሞክሮት መኪናው እንደ ልብ ቢሄድ አልተሳሳተም፤ በዚያ ከፍታ ላይ በእርግጥ ይሄዳል።

ያው መኪና ግን ጣርማበርን ተሻግሮ፣ በዋሻው አልፎ ደብረ ሲናን ሲወርድና 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ 86 በመቶ ያህል ይሆናል። በዚህ አየር ኢ85 የሚጠይቀው ነዳጅ ኢንጀክተሮቹ በባሕር ጠረፍ ለቤንዚን እንዲሰጡ ከታሰቡት በ20 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ ብዙዎቹ የፋብሪካ ኢንጀክተሮች ይህን ሙሉ በሙሉ ማድረስ አይችሉም። ቁልቁለቱ ላይ ይህ አይታወቅም፤ ሞተሩ ሥራ አይበዛበትምና። የሚታወቀው ሲመለሱ ነው። አራት ሰውና ሁለት ጆንያ ማሽላ የጫነ መኪና ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ያንን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሲወጣ፣ ኢንጀክተሮቹ የመጨረሻ አቅማቸው ላይ ይደርሳሉ፣ ኮምፒውተሩ የኦክሲጂን ሴንሰሩን አያነብም፣ ሙቀቱም የቆላ ነው። ቫልቭ የሚቃጠለው እዚህ ቦታ ላይ ነው። በሰሜን ሸዋ መኪና ለኢታኖል አስተካከልኩ የሚል ባለሙያ የአየርና የነዳጁን ምጣኔ በሰፊ መለኪያ የኦክሲጂን ሴንሰር እያየ ይህን ዳገት ካልወጣ ሥራው አልተጠናቀቀም የምለው ለዚህ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። ኢታኖል ጉልበት ይጨምራል የሚለው ወሬ ከውጭ አገር የተርቦ መኪና አፍቃሪዎች የመጣ ነው። የኢታኖል ኦክቴን (ማንኳኳትን የመቋቋም አቅሙ) ከቤንዚን ይበልጣል፣ ሲተንም ሞተር ውስጥ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል፤ እነዚህ የሚጠቅሙት ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ሞተሩ ለማንኳኳት ሲቃረብ ነው። አየር በሳሳበት ደጋ ላይ ተራ ሞተር ድሮውንም የማንኳኳት አደጋው ትንሽ ነው፤ በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ቤንዚን የሚሸጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቪትዙን ለጉልበት ብሎ ወደ ኢታኖል የሚቀይር የደብረ ብርሃን ነዋሪ የሚያተርፈው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለነዳጅ አማራጭ ብሎ ከሆነ ግን ምክንያት አለው፤ ሒሳቡን ግን አስቀድሞ ይሥራ። አንድ ሊትር ኢታኖል የሚሰጠው ኃይል ከአንድ ሊትር ቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ያህል በመሆኑ፣ ብራዚላውያን ሾፌሮች የኢታኖሉ ዋጋ ከቤንዚኑ 70 በመቶ ካለፈ ቤንዚን ይሞላሉ።

የብራዚልን ነገር ካነሣሁ ስለ ብርዱም ልናገር። ብራዚል የኢታኖል ፕሮግራሟን በ1975 እ.ኤ.አ. ጀምራ፣ በሁለቱም ነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያ መኪናዋን ቮልስዋገን ጎልን በ2003 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበች። ኢታኖል ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ስለማይሰጥ፣ እነዚያ መኪኖች ለብርድ ማለዳ ማስነሻ ብቻ የሚሆን ትንሽ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ኮፈናቸው ሥር ነበራቸው። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በመሐል ሜዳማ ከዚህም ይብሳል። በዚህ ብርድ ኢታኖል የበዛበትን መኪና ደጋግሞ ለማስነሣት መሞከር ባትሪን ከመጨረሱም በላይ ያልተቃጠለውን ነዳጅ በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ወደ ዘይቱ ያወርዳል። በብርዱ ወራት የኢታኖሉን ድርሻ ዝቅ ማድረግ ቀላሉ መፍትሔ ነው፤ ሴንሰር ያለው መኪና ይህን ያለ ምንም ጣጣ ይቀበላል።

ውኃው ደግሞ የባሰ ጠላት ነው። ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ 10 በመቶ ኢታኖል ባለው ቤንዚን ውስጥ ግማሽ በመቶ ያህል ውኃ ከገባ ኢታኖሉና ውኃው አንድ ላይ ተለይተው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ የነዳጁ ፖምፓም መጀመሪያ የሚስበው ይህን ነው። በአካባቢያችን የሚወጣው አረቄም አልኮል አይደለም ወይ ብለው ከልባቸው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ፤ ጥያቄው የሚያስነቅፍ አይደለም። መልሱ ግን አይሆንም ነው። አረቄ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ውኃ ነው። ደጋግሞ ቢወጣ እንኳ በማንጠር ብቻ ከ96 በመቶ ገደማ አያልፍም፤ ከቤንዚን የሚቀላቀለው ኢታኖል ግን በፋብሪካ ውኃው ወጥቶለት ከ99 በመቶ በላይ የጠራ ነው። ሴንሰሩም ቢሆን ውኃ ያታልለዋል፤ በዚያው የኤሌክትሪክ ባሕርይ የውኃ ልኬት 80 ገደማ ስለሆነ ጥቂት ውኃ ብዙ ኢታኖል ይመስለዋል።

ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ባለቤቶች ነገሩን ቢተዉት ይሻላል። ነዳጁ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች መጠናቸው አይለዋወጥም፤ የድሮው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) እና የዚንክና የአሉሚኒየም ክፍሎችም ኢታኖልን አይወዱም። ኢንጀክተር ባለው መኪና ላይም ቢሆን ኢታኖል በሰልባትዮው የቆየውን ዝቃጭ አጥቦ ስለሚያወርድ ከመጀመሪያዎቹ ሙሌቶች በኋላ የነዳጅ ፊልትሮውን መቀየር ግድ ነው።

ለሾፌሩና ለመካኒኩ ይህን ያህል ካልሁ፣ ነዳጅ የሚያከፋፍለውና የሚቆጣጠረው አካልም ድርሻ አለበት። ቅይጡ ወደ ማደያ በሚመጣበት ጊዜ ሁሉ የኢታኖሉ መቶኛ በፓምፑ ላይ በአማርኛ በጉልህ ተጽፎ ሊለጠፍ ይገባል፤ ገዢው የገዛውን የማወቅ መብት አለውና። ማረጋገጡም ውድ ነገር አይጠይቅም። 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መስመር ያለው የመስታወት ቱቦ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውኃ ይደረጋል፤ እስከ 100 መስመሩ ድረስ ነዳጁ ይሞላል፤ በደንብ ተነቅንቆ እስኪረጋ ይጠበቃል። ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ወደ ውኃው ስለሚገባ ከሥር ያለው ክፍል ያድጋል። 10 የነበረው 19 ቢሆን በ90 ሚሊ ሊትሩ ነዳጅ ውስጥ 9 ሚሊ ሊትር ያህል ኢታኖል ነበረ፤ ይኸውም 10 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ይህን ቱቦ እያንዳንዱ ማደያ በፓምፑ አጠገብ ሊያስቀምጥ፣ የጠየቀውም ደንበኛ ፊቱ ሊለካለት ይችላል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን የአውቶ መካኒክ ተማሪዎችም ስለ ነዳጅ ማስተካከያ ከመማራቸው በፊት ይህን ልኬት በእጃቸው ቢሠሩት እወዳለሁ።