እፍ ብለን የምንጥለው የለውዝ ልባስ

የባቢሌን ለውዝ ቆልቶ የበላ ሰው ልማዱን ያውቀዋል፤ ፍሬውን በመዳፍ አሽቶ ስሱን ቀይ ልባስ እፍ ማለት። ቤት ውስጥ ከሆነ ተጠርጎ የሚወጣው አንድ እፍኝ አይሞላም። የለውዝ ቅቤ በሚመረትበት ቦታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልባሱ ከፍሬው ክብደት 3 በመቶ ገደማ ስለሚሆን፣ ከ100 ኩንታል ለውዝ 3 ኩንታል ያህል ይራገፋል። ይህን ቆሻሻ ብለን መጣላችን ያሳዝነኛል።

ልባሱን አፍ የሚይዝ ያደረጉት ፖሊፌኖሎች የተባሉ የዕፅዋት ውህዶች ናቸው፣ በተለይ ፕሮሲያኒዲን የሚባሉት። ቅባት ኦክስጅን ሲያገኘው ሽታውና ጣዕሙ ይለወጣል፤ እነዚህ ውህዶች ያንን ሂደት ያዘገያሉ። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረት የሚጨምሩት ለመዓዛው ብቻ ሳይሆን ቅቤው እንዲከርምም ነው። ፋብሪካዎች ለዚሁ ሥራ ቢኤችቲና ቲቢኤችኪው የተባሉ ሰው ሠራሽ ውህዶችን ይጠቀማሉ፤ በማሸጊያ ላይ ኢ-321 እና ኢ-319 ተብለው የሚጻፉት እነሱ ናቸው።

ፖሊፌኖሎቹን ከልባሱ ማውጣት የሚያስፈራ አይደለም። ልባሱ ተፈጭቶ በውሃና በኢታኖል (አልኮል) ድብልቅ ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ ከዚያ አልኮሉ ተንኖ እንደገና ለሥራ ይውላል። ድብልቁ ውሃ ብቻውን ወይም አልኮል ብቻውን ከሚያወጣው የበለጠ ያወጣል። ኢታኖል ደግሞ የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ሲያመርቱት የቆዩት ነው። አላላጡ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በፈላ ውሃ የተላጠ ለውዝ አብዛኛውን ፖሊፌኖል ለውሃው ትቶ ይወጣል። ተቆልቶ በደረቁ የተላጠው ይሻላል።

ትልቁ ችግር ሻጋታ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አፍላቶክሲን ደጋግመው አግኝተዋል፤ ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ ነው። አልኮሉ ጠቃሚውን ሲስብ መርዙንም ሊስብ ይችላል፤ ፈሳሹ ሲተን ደግሞ ሁለቱም አብረው ይጠነክራሉ። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከገበሬው ደጅ ነው፦ የተነቀለውን ቶሎ ማድረቅ፣ ለመፈልፈል እንዲቀል ተብሎ ውሃ አለመርጨት፣ የተሰበረውንና የተጨማደደውን ለቅሞ ማውጣት። ይህ ሁሉ ጉልበት ነው፤ የሚሠሩትም በአብዛኛው የቤቱ ሴቶች ናቸው። ንጹሕ ለውዝና የሻገተ ለውዝ በአንድ ዋጋ እየተሸጡ ይህን ልፋት ከእነሱ መጠበቅ ግፍ ነው። ከልባሱ የሚገኘው ገቢ ንጹሕ ለውዝ ላመጣ ገበሬ በጭማሪ ዋጋ መመለስ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የማውጫ ፋብሪካ እስኪተከል መጠበቅም አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የተቆላውን ልባስ አድቅቀው መልሰው ለውዝ ቅቤ ላይ በመጨመር ሞክረውታል፤ ሲበዛ ይጎመዝዛል፣ በመጠኑ ሲሆን ግን የቅቤውን ፖሊፌኖል ከፍ ያደርጋል። ልባሱ የሚገባው ለውዝ ቅቤ ውስጥ ስለሆነም ለውዝ የማይስማማው ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃል፤ ወደ ሌላ ምግብ የሚገባ ከሆነ ግን በማሸጊያው ላይ በግልጽ ይጻፍ። የእኛዎቹ አምራቾች ወፍጮው አላቸው፣ ልባሱም አላቸው። የአፍላቶክሲን ምርመራ አስደርገው በአንድ ጆንያ ቢጀምሩት ደስ ይለኛል።