ለፖቶማክ ሣር ክራንክቤይት አይሆንም

ስለ ባስ ዓሣ ማጥመድ የወጣው ጽሑፍ ለጀማሪ ክራንክቤይት፣ ማለትም ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ዓሣ መሰል ጠንካራ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ ይመክራል። ድንጋያማ ቦታ ላይ እስማማለሁ፤ ከዋሽንግተን ዲሲ በታች ባለው የፖቶማክ ወንዝ ግን አያዋጣም። ላርጅማውዝ ባስ የሚባለው አፈ ሰፊ ዓሣ በሐምሌና በነሐሴ የሚያደፍጠው ሃይድሪላ የሚባለው የውኃ ሣር ውስጥ ስለሆነ፣ በየውርወራው የምታወጡት ሣር ብቻ ነው።

እዚያ የሚሻለው ቴክሳስ ሪግ፣ ማለትም የመንጠቆው ጫፍ ትሉ ውስጥ ተደብቆ ሣር እንዳይዝ የሚደረግበት አሠራር ነው፦ 7 ኢንች የፕላስቲክ ትል፣ ቁጥር 3/0 ኦፍሴት (አንገቱ የታጠፈ) መንጠቆ፣ የጥይት ቅርጽ ያለው 7 ግራም ገደማ ክብደት። ክብደቱን ሹሉ ጫፉ ወደ ማጥመጃ ዘንጉ እንዲያይ አድርጋችሁ ክሩ ላይ አስገቡና መንጠቆውን እሰሩ። የመንጠቆውን ጫፍ በትሉ ራስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሰክታችሁ በጎን አውጡት፤ ክሩ እስከሚታሰርበት የመንጠቆው ቀለበት ድረስ ስባችሁ አዙሩትና ጫፉን መልሳችሁ ትሉ ገላ ውስጥ ደብቁት። ትሉ ቀጥ ካላለ ሲጎተት ይሽከረከራል፣ ክሩንም ይጠመዝዘዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህች ጋ ነው።

ክሩ 15 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን (ውኃ ውስጥ ብዙም የማይታይ የፕላስቲክ ክር) ይሁን፤ ሣሩ ጥቅጥቅ ካለ 40 ፓውንድ የተገመደ ክር። ፍሎሮካርቦኑን ከማጥበቃችሁ በፊት ቋጠሮውን በምራቅ አርጥቡት፤ በደረቁ ከተሳበ በፍትጊያ ግሎ ይደክማል። ዘንጉ 7 ጫማ፣ ሚዲየም ሄቪ (ጠንከር ያለ)። ልል ዘንግ መንጠቆውን ትሉን አሳልፎ መንጋጋው ላይ አይተክለውም።

ቀለም ላይ ብዙ አትጨነቁ (ሻጮች ይቅር ይበሉኝ)፦ ለጠራ ውኃ ቡናማ አረንጓዴ፣ ለድፍርስ ጥቁርና ሰማያዊ። ይልቅ ባሕሩ ወንዙ ላይ የሚያመጣውን የውኃ ሙላትና ጉድለት ተከታተሉ፤ ውኃው ሲሸሽ ባሱ ወደ ሣሩ ውጨኛ ጠርዝ ይወጣል።