ብረቱን አተረፉ፣ ማሽኑን ገደሉ

ከተዘጋ ሲኒማ ቤት የወጣ የ35 ሚሊሜትር ፕሮጀክተር ገዝቶ በቤቱ ፊልም ለማየት የሚነሳ ሰው ዋናው ፈተና የማሽኑ እርጅና እንደሚሆን ይጠብቃል። ብሶቴን የምጽፈው ይህን ግምት ለማፍረስ ነው። እርጅና እነዚህን ማሽኖች አልጎዳቸውም፤ የጎዳቸው ከቆሙበት ነቅሎ ያወጣቸው እጅ ነው። በመቶዎች ኪሎ የሚመዝነውን ብረት በጥንቃቄ ጭነው ያወጣሉ፤ ብረቱን ፕሮጀክተር የሚያደርጉትን ትንንሽ ነገሮች ግን ከቆሻሻው ጋር ጠርገው ይጥላሉ።

ማሽኑ ምን ያህል ታስቦበት እንደተሠራ ለማያውቅ ሰው ንዴቴ የተጋነነ ሊመስለው ይችላል፤ ስለዚህ ከማሽኑ ልብ ልጀምር። ፊልም በብርሃኑ መስኮት ፊት ዝም ብሎ ቢፈስስ ግድግዳው ላይ የሚታየው ድብልቅልቅ ያለ ጥላ ብቻ ይሆን ነበር። እያንዳንዱ ምስል መጥቶ መቆም፣ መታየትና ለሚቀጥለው ቦታ መልቀቅ አለበት፤ ይህም በሰከንድ 24 ጊዜ። ይህን የሚያደርገው የማልታ መስቀል የሚባለው ክፍል ሲሆን፣ ዘይት በተሞላ ዝግ ሣጥን ውስጥ ሆኖ የሞተሩን የማያቋርጥ ዙር ወደ መሄድና መቆም ይለውጠዋል፤ ፊልሙን በእያንዳንዱ ጊዜ በጠርዙ ከተደረደሩት ቀዳዳዎች በአራቱ ልክ፣ ማለትም 19 ሚሊሜትር ያህል፣ ወደ ታች ስቦ ያቆመዋል። ፊልሙ በሚንቀሳቀስባት ቅጽበት መዝጊያው ብርሃኑን ይጋርዳል፤ ምስሉ ቆሞ ሳለም አንድ ጊዜ ደግሞ ይጋርደዋል፤ ዓይናችን በሰከንድ 48 ብልጭታ ስለሚያይ መርገብገቡ አይረብሸውም። ይህ ሁሉ ያለ ኮምፒውተር፣ በብረትና በዘይት የተፈታ ችግር ነው። ዘይቱ በወቅቱ የተለወጠለት ማሽን ከብዙ አሥርት ዓመታት አገልግሎት በኋላም በእጅ ሲያዞሩት ያለ አንዳች መንገጫገጭ ይሄዳል። ይህን ያየ ሰው እንዴት ዝም ይላል?

እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሲኒማ ቤቶች ወደ ዲጂታል እንደተሻገሩ፣ ፉጂፊልምም የመቅረጫና የማሳያ ፊልም ማምረቱን በ2013 እንዳቆመ አውቃለሁ። ባለቤቶቹ ለአዲሱ ማሽን ቦታ ለመልቀቅ የነበረባቸው ችኮላ ይገባኛል። ያልገባኝና እስካሁን የሚያበግነኝ ግን፣ በአንድ ካቻቢቴ ተፈትቶ የሚወጣ ሽቦ ለምን በመቁረጫ እንደሚበጠስ ነው። የእኔ ማሽን የመጣው ከታችኛው ሣጥኑ ሽቦ እንደ ተነቀለ ሥር ተንጠልጥሎበት፣ የትኛው ከሞተሩ፣ የትኛው ከድምፅ ማንበቢያው፣ የትኛው ከመብራቱ ደህንነት ማቋረጫ እንደመጣ የሚናገር አንድም ምልክት ሳይኖረው ነው። የሽቦ ንድፉ የታተመበት መጽሐፍ በፕሮጀክተር ክፍሉ መደርደሪያ ላይ እንደነበረ ሻጩ ራሱ ነግሮኛል፤ ወረቀት ስለሆነ ጥለውታል። ሽቦ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ቁጥር መጻፍ የስንት ደቂቃ ሥራ ነው?

የሌንሱ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ነጋዴዎች ሌንሱ ብቻውን እንደሚሸጥ ስለሚያውቁ ከማሽኑ ለይተው ለሌላ ሰው ይሰጡታል፤ ቀሪውን የገዛ ሰው ዓይኑ የወጣ ማሽን ይዞ ይቀራል። ሌንስ ቢገኝ እንኳ ጣጣው አያልቅም፤ የሲኒማ ቤት ሌንስ የተመረጠው ለአዳራሽ ርቀት እንጂ ለቤት አይደለምና። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የምስሉ ስፋት ማለት ከሌንሱ እስከ ሸራው ያለው ርቀት በመስኮቱ ስፋት ተባዝቶ ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው ነው። የፊልሙ መስኮት 21 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። በ25 ሜትር አዳራሽ ውስጥ ከአምስት ሜትር የሚበልጥ ምስል ይሰጥ የነበረ የ100 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አምስት ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ውስጥ የሚሰጠው አንድ ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ሸራ ለመሙላት 42 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ አጭር ሌንስ ደግሞ ጥቂት አዳራሾች ብቻ ስለተጠቀሙበት በቀላሉ አይገኝም። ይህን ሁሉ አስልቶ ለሻጭ የሚጽፍ ገዢ የሚያገኘው መልስ ግን «ሌንስ አለ፣ ጥሩ ነው» የሚል ነው። የትኩረት ርዝመቱ ጎኑ ላይ ተቀርጿል። የበርሜሉ ውፍረት 70.6 ሚሊሜትር ይሁን 62.5 በመለኪያ ይታወቃል። አንብቦ መንገር ምን ያስቸግራል?

ከንዴት አልፎ የሚያስፈራኝ ደግሞ የዜኖን አምፖሉ ነው። ይህ አምፖል ሲበራ ብቻ ሳይሆን ጠፍቶ ቀዝቅዞ ሳለም በውስጡ ከአየር ግፊት ብዙ እጥፍ የሆነ ጋዝ የታመቀበት የኳርትዝ ብርጭቆ ነው፤ ቢመታ ወይም ቢጫን ይፈነዳል፤ ስብርባሪውም ፊትና ዓይን ያጠፋል። የሚያውቁት ኦፕሬተሮች የፊት መከላከያና ወፍራም ጓንት ሳያደርጉ አይነኩትም፤ ከመብራት ቤቱ ሲወጣም ወዲያው በራሱ መከላከያ ሣጥን ውስጥ ያስገቡታል። ይህን አምፖል በቦታው እንደተሰካ ትተው ማሽኑን በጭነት መኪና በጎኑ አስተኝተው የሚልኩ ሰዎች አሉ። ለእኔም እንዲሁ ተልኮልኛል፤ ሣጥኑን ልጆች በሚመላለሱበት ቤት ውስጥ ልከፍተው ነበር። ስለዚህ ጉዳይ በለሆሳስ መናገር አልችልም፤ ወንጀል ነው።

ለመኖሪያ ቤት የዚያን ያህል ብርሃን አያስፈልግም። ዜኖን የራሱ ሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጥ መሣሪያ)፣ የማቀጣጠያ ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ሙቀትና ኦዞን የሚያስወጣ የአየር ቧንቧ ይፈልጋል፤ ለትንሽ ሸራ ግን ጠንካራ የኤልኢዲ መብራት ከተስማሚ ሌንስ ጋር ይበቃል፤ ፊልሙንም ያን ያህል አያግለውም። ስለዚህ ለመብራቱ መጥፋት አላለቅስም።

የማለቅሰው «ይሠራል» ተብሎ ስለሚሸጠው ነው። ሻጩ ማሽኑ እንደሚሠራ ለማሳየት ሞተሩን አስነስቶ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ገዢውም ሲዞር አይቶ ደስ ይለዋል። ማሽኑ ግን ከቦታው ሲነሳ ዘይቱ ፈስሶ አልቋል፤ ያ የማልታ መስቀል፣ በልኩ ተሞርዶ ለአሥርት ዓመታት ሳያረጅ የኖረው ክፍል፣ ለአንድ ቪዲዮ ሲባል በደረቁ ይፋጫል። ስንት ዓመት በእንክብካቤ የኖረ ነገር በሻጩ ችኮላ ይበላሻል! ፊልም ሳይገባበት፣ ብርሃን ሳያልፍበት፣ ድምፅ ሳይነበብበት ሞተር መዞሩ ምንም አያረጋግጥም። ድምፁ የተጻፈው በፊልሙ ጠርዝ ላይ ባለ ቀጭን መስመር ሲሆን ከምስሉ 20 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያህል ቀድሞ የታተመ ነው፤ ማንበቢያው ከመስኮቱ በታች ስላለ ፊልሙ በመካከል የሚሠራው ቀለበት ልኩን ካልጠበቀ የተናጋሪው ከንፈርና ድምፁ አይገጥሙም። በኋለኛው ዘመን የታተሙ ብዙ ቅጂዎች የድምፅ መስመር ደግሞ በድሮው አምፖል በደንብ አይነበብም፤ ቀይ ብርሃን ይፈልጋል። እነዚህን ሳይፈትሹ «ይሠራል» ማለት ማታለል ነው።

አዲስ ዲጂታል ፕሮጀክተር ገዝቼ እንድገላገል የሚመክሩኝ ሰዎች መልካም እንደሚያስቡልኝ አውቃለሁ። እኔ ግን የፈለግሁት ምስል ግድግዳ ላይ እንዲታይ ብቻ አይደለም፤ ፊልሙ በእጄ አልፎ፣ የማሽኑን ጥርስ ይዞ፣ በብርሃን ፊት ቆሞ ሲሄድ ማየትና መስማት ነው። ማሽኑ የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ ወደ ብረት ማቅለጫ የሚሄድበት ምክንያት የለም።

የፕሮጀክተር ክፍል ለማፍረስ የተዘጋጀ ሰው ይህን ካነበበ አደራ እለዋለሁ፦ ሽቦውን ከመፍታቱ በፊት ፎቶ ያንሳ፣ አምፖሉን በሚያውቅ ሰው ያስወጣ፣ ዘይቱን ያፍስስና «ዘይት የለውም» ብሎ በጉልህ ይጻፍበት፣ ሌንሱን ከማሽኑ አይለይ። ከሁሉም በላይ ከመስኮቱ ጎን የሚሰኩትን ስስ የብረት ሳህኖች አይጣል። አራት ማዕዘን ቀዳዳ ብቻ ስላላቸው ዋጋ ቢስ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የምስሉን ቅርጽ የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ለተራው ሰፊ ምስል 20.96 በ11.33 ሚሊሜትር፣ በጎን ተጨምቆ ለታተመው ሲኒማስኮፕ ደግሞ 20.96 በ17.53። እርግጥ ነው፣ ኦፕሬተሮች እያንዳንዱን ሳህን ለየአዳራሹ ዝንባሌ ስለሚሞርዱት ቀዳዳው በቀጥታ ለቤቴ ላይገጥም ይችላል፤ የውጭ ቅርጹና ማስገቢያ ጎድጎዱ ግን ያው ነው፤ ሳህኑ ስለሌለኝ እኔን የቸገረኝም እሱ ነው። ከተመሳሳይ ማሽን የወጣ ሳህን በመሳቢያው ያስቀመጠ ሰው ካለ፣ መስጠት አይጠበቅበትም፤ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ ያስምርና ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፤ ከናስ ቆርጬ ራሴ እሞርደዋለሁ።