ደመወዝ ለአንዱ፣ የኑሮ ጭማሪ ለሁሉ

የአክስቴ ልጅ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ፋብሪካ ልብስ ትሰፋለች። መስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተሻሻለ በተባለ ሰሞን አከራይዋ ኪራይ ጨመሩባት። «እትዬ፣ እኔ እኮ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም፤ ለእኛ አምስት ሳንቲም አልተጨመረም» ብትላቸው፣ «ምን ላድርግሽ ልጄ፣ ደመወዝ ተጨመረ ሲባል ገበያው አብሮ ተነሳ፤ እኔስ በምን ልኑር?» አሏት። ሴትዮዋ ክፉ አይደሉም። እሳቸውም ጤፍና ዘይት የሚገዙት ከዚያው ገበያ ነው። እኔን ግን ነገሩ አንገበገበኝ። ያላገኘችው ጭማሪ እንዳገኘች ተቆጥሮ ክፈይ ተባለች።

እኔ የምኖረው ሲያትል አጠገብ ነው። ስለ ደመወዝ ጭማሪ እዚህ አካባቢ የተጨቃጨቀውን ያህል የተጨቃጨቀ ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ኤርፖርቱ ያለባት ሲታክ የምትባል ትንሽ ከተማ ነዋሪዎች ድምፅ ሰጥተው፣ የኤርፖርትና የሆቴል ሠራተኛ በሰዓት ከ15 ዶላር በታች እንዳይከፈለው ወሰኑ። ውሳኔው ያለፈው በ77 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው። ያኔ የዋሽንግተን ግዛት የደመወዝ ወለል፣ ማለትም በሕግ የተቆረጠው ዝቅተኛ ክፍያ፣ በሰዓት 9 ዶላር ከ19 ሳንቲም ነበር። ዊልቸር ከሚገፋው፣ ሻንጣ ከሚጭነው፣ የኪራይ መኪና ከሚያጥበው መካከል ሐበሻና ሶማሌ ብዙ ስለነበር ወሬው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የገባ ጉዳይ ነበር። አሠሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። ኤርፖርቱ ውስጥ የሚሠሩት የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 5 ለ4 እስኪፈርድላቸው ድረስ ጠበቁ። ሲያትልም በ2014 የራሷን 15 ዶላር አጸደቀች፤ በ2025 ወለሉ 20 ዶላር ከ76 ሳንቲም ደርሷል። የፌዴራሉ ግን ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ተቸክሎ ቀርቷል።

ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ትልልቆቹ ድርጅቶች በራሳቸው ጊዜ ሲጨምሩ የሚሆነው ነው። ዎልማርት በ2015 መነሻውን 9 ዶላር፣ በዓመቱ ደግሞ 10 አደረገ። አማዞን ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ወጥሮ ከያዘው በኋላ ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ መነሻዬ 15 ዶላር ነው አለ፤ ጭማሪው 250 ሺህ ሠራተኛ ይነካል ተባለ። ይኼኔ ጎረቤት ያለው ሆቴል ምን ይሁን? በ12 ዶላር አልጋ የሚያነጥፍ ሰው ሲያጣ ሳይወድ በግዱ ይጨምራል። ጉዳዩን ያጠኑ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች፣ አማዞን ደመወዙን 10 በመቶ ሲጨምር በአካባቢው ያሉ ሌሎች አሠሪዎች በአማካይ 2.6 በመቶ እንደሚጨምሩ አግኝተዋል። ሕግ አላስገደዳቸውም፤ ሠራተኛው ጥሎ መሄጃ ስላለው ነው። የአንዱ ጭማሪ ለሌላው ደመወዝ ይተርፋል። እኛ ዘንድ ግን የአንዱ ጭማሪ ለሌላው ኪራይ ሆኖ ይደርሰዋል።

አሜሪካ ያሉ ባለሀብቶች ጻድቃን ናቸው እያልኩ አይደለም። አማዞን 15 ዶላሩን ባወጀ ጊዜ በሰዓት ለሚከፈላቸው ይሰጥ የነበረውን ወርሃዊ ቦነስና አክሲዮን አስቀርቷል። ነባር ሠራተኞች ጮኸው ነው ማካካሻ የተጨመረላቸው። እኔም በራሴ አይቼዋለሁ። እሠራበት የነበረ አንድ ሆቴል ደመወዝ ጨመርኩ ባለ ማግስት ስኬጁላችንን ቆራረጠው። 40 ሰዓት የነበረው 28 ሆነ። 28 የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትልቅ አሠሪ የጤና ኢንሹራንስ እንዲያቀርብ የሚገደደው በሳምንት 30 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ነው። የክፍሉ ብዛት ግን አልቀነሰም። ድሮ ስምንት ሰዓት የሚሰጠንን ሥራ በስድስት ሰዓት ጨርሱ ተባልን። አንሶላ ስጎትት ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሮጫለሁ፤ ማኔጀሩ ደግሞ ከኋላዬ ሰዓቱን እያየ ይቆም ነበር። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ሲያትል ውስጥ ወለሉ 13 ዶላር ሲገባ የዝቅተኛ ተከፋዩ ሰዓት 9 በመቶ ያህል ቀነሰ፣ ገቢውም በአማካይ በወር 125 ዶላር ወረደ ሲሉ ብዙ ሰው አልቀበልም አለ። የካሊፎርኒያው በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ በዚያው ሰሞን ምግብ ቤቶችን አጥንተው ደመወዝ ጨመረ እንጂ ሥራ አልጠፋም አሉ። እኔ ሁለቱንም አምናለሁ፤ ሁለቱም ደርሶብኛልና። ሰዓቴ ተቆረጠ። ከዚያ ሁለት መንገድ ተሻግሬ ሌላ ሆቴል ገባሁና ሙሉ ሰዓት አገኘሁ። እኔን ያዳነኝ ያ መሻገሪያ ነው።

በቅርቡ አንድ ምግብ ቤት ያላቸው ጋሼ ጋር ቡና ላይ ተሟገትን። እሳቸው የተጎዱ ሰው ናቸው። ሲያትል ለአነስተኛ ድርጅቶች ለዓመታት ቲፕና ኢንሹራንስ እየታሰበላቸው ዝቅ ያለ እንዲከፍሉ ፈቅዳ ነበር። በጃንዋሪ 2025 ያ ቀረና ከ17 ዶላር ከ25 ሳንቲም በአንድ ሌሊት ከአማዞንና ከዎልማርት እኩል ወደ 20 ዶላር ከ76 ሳንቲም ዘለለባቸው። ክትፎው ላይ ዋጋ ጨመሩ፤ ቅዳሜና እሁድ ልጃቸውን አስተናጋጅ አደረጉት፤ ባለቤታቸው ጉልበቷን እያመማት ማታ ማታ ድስት ታጥባለች። ትልቁና ትንሹ በአንድ ሚዛን መመዘናቸው ግፍ ነው ሲሉ ልቤ ከእሳቸው ጋር ነበር። ከዚያ ግን እንዲህ አሉ፦ «ሀገር ቤትስ ያየነው ይሄንኑ አይደል? ደመወዝ ጨመርን ሲሉ ጤፍ ይጨምራል። ለድሃ ከመጨመር መተው ይሻላል።»

እዚህ ላይ ተለያየን። ጋሼ ክትፎ ላይ የጨመሩት አስተናጋጇ ደመወዟን ካገኘች በኋላ ነው። የጨመሩትም ያወጡትን ለመመለስ ነው። ሀገር ቤት ዋጋ የሚጨምረው ደመወዙ ሳይደርስ፣ ወሬው እንደተሰማ ነው። የሚከፍለውም ጭማሪውን ያገኘው ብቻ አይደለም። ቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ የግል ትምህርት ቤት መምህሩ፣ የፋብሪካዋ ልጅ ሁሉ ይከፍላሉ።

መንግሥት ከማንም በላይ ብዙ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ነው። ዝቅተኛ የወር ደመወዙን በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ብር ወደ 4,760፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 6,000 አሳድጎታል። በዛሬ ምንዛሪ ወደ 40 ዶላር ነው፤ እኔ በሁለት ሰዓት የማገኘው፣ ዘበኛና ጽዳት ወር ሙሉ የሚኖርበት። ያም ሆኖ እሰየው ነው። ግን የመንግሥት ወለል ከፍ ሲል የግሉን አብሮ የሚያነሳው ምንም ነገር የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 55 ላይ መንግሥት፣ ሠራተኛውና ሌሎች የሚመለከታቸው የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ ይኖራል፤ የሀገሪቱን ዕድገትና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ይከልሳል ይላል። ስንት ዓመቱ! በየሜይ ዴዩ የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን ኢሠማኮ ይጠይቃል፤ በየዓመቱ «በጥናት ላይ ነው» ይባላል። ለግሉ ሠራተኛ ዛሬም ወለል የለውም።

ወለል ከተቆረጠ ባለሀብት ይሸሻል የሚለውን ክርክር ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን አይተው የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነው፣ በዓለም የልብስ ፋብሪካዎች ዘንድ ከዚህ ያነሰ አላገኘንም ብለው ጽፈዋል። ባንግላዴሽ እንኳ ያኔ 95 ዶላር ነበር። ታዲያ ምን ተገኘ? በዚያው ጥናት እንደተጻፈው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር። ልጆቹ መርፌ መያዝ በለመዱ ማግስት ጥለው ይሄዳሉ፤ ኪራይ ተከፍሎ ለምሳ የማይተርፍ ደመወዝ ምን ብሎ ይይዛቸዋል? መሻገሪያ ቢኖራቸው ኖሮ ወደ ጎረቤት ፋብሪካ ይሄዱ ነበር፤ የሄዱት ግን ወደ እናታቸው ቤት ወይም ወደ ዓረብ ሀገር ነው። ትልቁ የአሜሪካ ልብስ ድርጅት ፒቪኤች በ2021 ፓርኩን ለቆ የወጣውም ሠራተኛ ተወደደብኝ ብሎ አይደለም፤ በጦርነቱና ምርትን ያለ ቀረጥ አሜሪካ በሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ጣጣ ነው። በርካሽ ጉልበት የመጣ ባለሀብት በርካሽነቱ አልቆየም።

ሐዋሳ ላለችው ልጅ በየወሩ የምልከው አለኝ። ዘንድሮ ከላክሁት አብዛኛው የሄደው ለዚያ ኪራይ ነው። ፋብሪካው መክፈል የሚገባውን እኔ እዚህ አንሶላ እየጎተትኩ እከፍልለታለሁ። ስንቶቻችን እንዲህ እንደምናደርግ ሳስበው፣ ዝቅተኛ ደመወዙን የምንደጉመው እኛው ነን።

ይህንኑ ለአንድ ወዳጄ ሳጫውተው ነገሩ ባሰብኝ። ለ15 ዶላሩ ሰልፍ ወጥቶ አብሮኝ ሲጮህ የነበረ ሰው ነው። አዲስ አበባ ፎቅ እያሠራ ነው፤ «ዘበኛ በ4 ሺህ ብር አገኘሁ፣ ሌሊቱን ሁሉ አይተኛም» አለኝ ደስ ብሎት። ሰውዬው የትና ከማን ጋር እንደሚያድር ጠየቅሁት። እዚያው ሲሚንቶው አጠገብ ቆርቆሮ ለብሶ ይተኛል፣ ሚስቱ አርሲ ናት አለኝ። ብትጨምርለትስ ስለው፣ «ሌላ አሥር ሰው በር ላይ ቆሟል፤ ለምን ገበያውን አበላሻለሁ?» አለ። እዚህ ማኔጀሮቻችን ሲሉን የነበረውን ቃል በቃል። ስንት ይከፈለው ታዲያ ብሎ አፈጠጠብኝ። መንግሥት ለዝቅተኛ ሠራተኛው የሚከፍለውን 6 ሺህ ብር ክፈለው፣ ልዩነቱ ላንተ የአንድ ሰዓት ሥራ አይሞላም አልኩት። አስብበታለሁ ብሎኛል፤ እስካሁን ግን አልጨመረለትም፤ በደወለልኝ ቁጥር እጠይቀዋለሁ።