እርማት፦ ሱፐር ግሉ ሲበዛ አይጠነክርም

ወንድሜ፣ ለከባድ የሬዚን (በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) ሞዴል «ሱፐር ግሉ በደንብ አፍስስበት፣ በበዛ ቁጥር ይጠነክራል» ያልከው ስህተት ነው። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በዕቃው ገጽና በአየሩ ውስጥ ባለችው ጥቂት እርጥበት ነው። ስስ ሆኖ ሲቀባ ቶሎ ይይዛል፤ ሲወፍር ግን ውስጡ ሳይደርቅ ይቆያል። የጎንደር የበጋ አየር ደረቅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከደረቀም በኋላ ግትር ስለሆነ ሲመታ ወይም ሲነቀነቅ ይላቀቃል። እኔ የፋሲልን ግንብ ሞዴል ስሠራ ከአራቱ የማዕዘን ማማዎች አንዱን በሱፐር ግሉ ብቻ አቆምኩት። ጠረጴዛው ገና ገጨት ሲደረግ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ሥሩ ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሙጫ ብቻ ቀረ።

ለከባዱ ክፍል ሁለት ቱቦ ያለውን የኢፖክሲ ሙጫ ተጠቀም። ሁለቱ ሲዋሃዱ ስለሚደርቅ ክፍተትም ይሞላል። «5 ደቂቃ» የሚለው መያዝ የሚጀምርበት ጊዜ እንጂ ሙሉ ጥንካሬው አይደለም፤ 24 ሰዓት ሳትነካው ተወው። አስቀድመህ በሳሙና እጠበው፣ ከቅርጽ ማውጫው የሚቀር ቅባት አለበት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፤ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነውና ውሃ እያስነካህ፣ ማስክ አድርገህ። ከሁሉም በላይ ግን ሁለቱንም ክፍሎች በስተህ ወፍራም ሽቦ አስገባባቸው። ክብደቱን የሚሸከመው ሽቦው ነው።

የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ነው የሚያያይዘው፤ ሬዚንን ግን ስለማያሟሟው ለሬዚን ጭራሽ አይሆንም።